«ልጆቹ ከእኛ ይበልጣሉ»፦ ምርቃት የመሰለች ማምለጫ

ስለ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎች በተነሣ ቁጥር አንዲት ዐረፍተ ነገር ትወረወራለች፦ «የዛሬ ልጅ ስልክ ይዞ ነው የተወለደው፤ ማን ማንን ያስተምራል?» መምህሩ ይላታል፣ የቢሮ ሠራተኛው ይላታል፣ ልጁን አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘ አባትም ይላታል። ስትሰሟት ምርቃት ትመስላለች። ትውልዱን ታሞግሳለች፣ ተናጋሪውን ትሑት ታስመስላለች፣ ሰሚውን ፈገግ ታሰኛለች። እኔ ግን ምርቃት አልላትም። ሥራን ከትከሻ የማውረጃ ዘዴ ናት። «ያውቁታል» ብለን ከተስማማን፣ ማስተማር የማንም ግዴታ አይሆንማ!

ተከራካሪዎቼን አላናንቅም። ክርክራቸው እግር አለው፤ ቆሞ ይሂድና እንየው። ወጣቱ፣ ይላሉ፣ ማንም ሳያስተምረው ቴሌግራም ከፍቷል፣ ቪዲዮ ቆርጦ ቀጥሏል፣ እናቱን ቴሌብር አስጀምሯል። ከ2016 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ ካምፓስ ከመድረሱ በፊት ማውስ የጨበጠም አለ። ሲገባ ደግሞ ስለ ቴክኖሎጂ የሚያስተምር ኮርስ በመጀመሪያው ዓመት ይጠብቀዋል። ያልገባው ነገር ቢኖር ሲኒየሮች አሉ። ዩኒቨርሲቲ ያለችውን ብር ኔትወርክ፣ ጄኔሬተርና ኮምፒውተር ላይ ያውላት እንጂ፣ ጎልማሳን ሰው እጁን ይዞ «ይህን ተጫን» ማለት የመዋዕለ ሕፃናት ሥራ ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃሏን በቁራጭ ወረቀት ሰጥቶ፣ ማስታወቂያ ለጥፎ፣ ቻናል ላይ ሊንክ መጣል ይበቃል።

ከመመለሴ በፊት አንድ ደብተር ላሳያችሁ። ከተማውንም ዩኒቨርሲቲውንም አልጠራም፤ የአንድ በር ጉዳይ ብቻ አይደለምና። ከካምፓስ በር ፊት ለፊት ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዷ ተቀምጬ ወረቀቴን እጠብቃለሁ። አንድ ልጅ ጋቢውን እንደተከናነበ ገባ።

«እታለም፣ ግሬድ ተለቀቀ አሉኝ። እስቲ የኔን እይልኝ።»

ልጅቱ ከኮምፒውተሩ ሥር ባለ ካሬ ደብተር አወጣች። በማስመሪያ የተሰመረ ነው፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፓስዎርድ። «ስንተኛ ነበርክ?» አለችው። «ሃያ ሦስት» አላት። ጣቷን እስከ ሃያ ሦስት አወረደች፣ መታች፣ ከፈተች፣ አነበበችለት። ልጁ ስክሪኑን እንኳ አላየም። ከፈለና ሊወጣ ሲል በእጁ የያዘውን ስልክ አየሁና «በዚህ ለምን አታየውም?» አልኩት። «እምቢ አለኝ፤ ሦስቴ ሞከርኩ፣ በትክክል ነው የጻፍኩት» አለኝ። አንዴ ሞክር ብዬ ቆሜ አየሁት። እውነቱን ነው፣ በትክክል ነው የጻፈው። ስልኩ ግን የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ወደ ትልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል እየቀየረ ነበር። ሲስተሙ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይቶ ያያል፤ ለልጁ ይህን የነገረው የለም። ሠላሳ ሰከንድ የማትፈጅ ነገር ናት። እሷን ያሳየው ስለጠፋ የትምህርት መዝገቡን ቁልፍ ለማያውቃት ሴት አስረክቦ፣ ሃያ ሦስተኛ ሆኖ ተመዘገበ።

ልጅቱ ሌባ አይደለችም። እንዲያውም ለእነዚህ ልጆች የደረሰችላቸው እሷ ብቻ ናት። ግን ደብተሯ የምርቃታችን ደረሰኝ ነው። «ልጆቹ ከእኛ ይበልጣሉ» እያልን የሸሸነው ሥራ በር ላይ ሱቅ ተከፈተለት።

አሁን ነጥቦቹን አንድ በአንድ።

«ስልክ ይዘው ነው ያደጉት።» ይህ ልጅ ቲክቶክ አያውቅም? ያውቃል። ቴሌብር? ያውቃል። ታዲያ ምን ጎደለው? የጎደለው የእነዚህን ነገሮች ልዩነት የነገረው ሰው ነው። ቲክቶክ የተሠራው ማንም እንዳይሳሳትበት ነው፤ ጣትህን ካንቀሳቀስክ ሌላውን እሱ ያደርግልሃል፣ ባትፈልገውም ይፈልግሃል። የካምፓስ ሲስተም ግን አይፈልግህም። አንተ ልትፈልገው ይገባል፤ በሰዓቱ፣ በቀኑ፣ በትክክለኛው ፊደል። ሁለቱን አንድ ማድረግ በአህያ ተጭኖ ገበያ የወረደን ሰው «መኪና መንዳት ይችላል» እንደማለት ነው፤ ሁለቱም መጓጓዣ ናቸውና።

ይህ የእኛ አገር ስሕተት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ማርክ ፕሬንስኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣቱን የዲጂታል አገር ተወላጅ፣ እኛን ስደተኛ ብሎ ከፈለንና አባባሉ ዓለምን ዞረ። ሲመዘን ግን አልቆመም። አይሲልስ የተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ክህሎት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሥር በላይ አገሮች የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሲፈትን፣ ከፍተኛውን ደረጃ የነኩት ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ አገሮች ኮምፒውተርና ኢንተርኔት የተትረፈረፈላቸው ናቸው። እዚያ ያልሠራ ምርቃት ወሎ ውስጥ፣ ቦረናና ሳይንት ላይ እንዴት ሊሠራ ነው?

እዚህ ላይ ቦታው ራሱ ይናገር። ይህ ክርክር ቦሌ ላይ ሲነሣና መካነ ሰላም ላይ ሲነሣ ክብደቱ እኩል አይደለም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች መካነ ሰላምና ቱሉ አውሊያ ላይ ናቸው፤ ገደልና ደጋ ተሻግሮ የሚደረስባቸው ከተሞች። የወግዲው ልጅ፣ የከላላው ልጅ፣ የለጋምቦው ልጅ በየትኛውም ካምፓስ ይመደብ፣ ያደገው ብዙ ጊዜ አንድ ስልክ ብቻ ባለበት ቤት ነው፤ ስልኩም የአባት ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ተራው ሲደርሳት መሽቷል። በዚያ ላይ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የረሳ አለ? ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ከርመዋል። ዛሬ ፍሬሽ የሚባለው ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ዕድሜው ያለፈው በእነዚያ ወራት ነው። «ኢንተርኔት ላይ ነው ያደገው» የምንለው ስለ የትኛው ኢንተርኔት ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ተፈታኙ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ተከለከለ። እኔ ክልከላውን አልቃወምም፤ ኩረጃ አገሩን አጥፍቶት ነበር። ነገር ግን ልጁ ዩኒቨርሲቲን መጀመሪያ ያወቃት ስልክ ወንጀል በሆነበት በር ነው። ወራት ቆይቶ በተመሳሳይ በር ሲገባ፣ ምዝገባውም፣ የዶርም ምደባውም፣ የመምህሩ መልእክትም በስልክ ሆኖ ጠበቀው። ትናንት «ይዘህ እንዳትታይ» የተባለውን ዛሬ «እንዴት አታውቅበትም?» እንለዋለን።

ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል፤ ዝርዝሩም ነው ልጆቹን የሚጥላቸው። ኢሜይል አለህ? አለው። ማን ከፈተልህ? ስልኩን የሸጠለት ልጅ። ፓስዎርዱስ? እሱ ነው የሚያውቀው። ስልኩ የጠፋ ቀን ኢሜይሉ ይጠፋል፣ ከኢሜይሉ ጋር የተያያዘው ሁሉ ይከተለዋል። ስሙ በ8ኛ ክፍል ካርዱ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ሆሄ ተጽፏል፣ በ12ኛው በሌላ፣ በፋይዳ መታወቂያው በሦስተኛ፤ «ጸ»ን በስንት ፊደል እንደሚጽፉት ጸሐፊዎቹ አልተስማሙም። ሲስተሙ ሦስቱን ሦስት ሰው አድርጎ ያያቸዋል። የሰዓቱ ነገርማ አይነሣ! ሲስተሙ ሥራ የሚረከብበትን ጊዜ «12፡00» ብሎ ሲጽፍ እኩለ ቀንን ማለቱ ነው። የእኛ ልጅ የምሽቱን አሥራ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል። ሥራውን ጨርሶ፣ አሳምሮ፣ በጊዜዬ ደረስኩ ብሎ ሲልክ ስድስት ሰዓት አሳልፏል። መምህሩ «ሰነፍ» ብሎ ይጽፍለታል። የቱ ስንፍና? በፈረንጅ ሰዓትና በሐበሻ ሰዓት መካከል ድልድይ ያልሠራው ማን ሆነና?

«ኮርሱ አለላቸው።» አለ፤ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች በ2012 ሲመለሱ «የኢሚርጂንግ ቴክኖሎጂ መግቢያ» የተባለ ትምህርት አብሮ መጣ። ሞጁሉ ሰባት ምዕራፍ ነው። ዳታ ሳይንስ አለበት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለበት፣ የነገሮች በይነ መረብ አለበት፣ ኦግመንትድ ሪያሊቲ አለበት፤ መጨረሻው ላይ ብሎክቼንና ኳንተም ኮምፒውቲንግ ይጠብቁሃል። ትምህርቱን አልነቅፍም፤ መጥቀሙን ይጠቅማል። ግን ከሰባቱ ምዕራፎች ፓስዎርድ እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳየው የቱ ነው? ፋይል እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት እንደሚላክ፣ ከሕዝብ ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደሚወጣ? የኳንተም ኮምፒውተርን ጥቅም በአራት ነጥብ ዘርዝሮ ከአሥር አሥር ያገኘ ልጅ፣ ያንኑ አሥር በፖርታሉ ለማየት ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። ጣሪያው ተከደነ፣ መሠረቱን የቆፈረ የለም።

ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በጀመረው የኢለርኒንግ ፕሮጀክት ለአዲስ ተማሪዎች የተዘጋጁ የኦንላይን ኮርሶችም አሉ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ኮርሱ ውስጥ ለመግባት መግባትን ማወቅ ያስፈልጋል። ሎግ ኢን የሚያቅተውን ልጅ ሎግ ኢን አድርገህ ተማር ማለት፣ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ሳጥኑን መቆለፍ ነው። በሩን የሚከፍት ሰው ከውጭ መቆም አለበት።

«ሲኒየር ያሳያቸዋል።» ከሁሉም የማከብረው ክርክር ይህ ነው፤ ከአገሩ ልማድ የተቀዳ ነውና። ወይፈን ከሽማግሌ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው የሚገራው ይባላል። እውነት ነው። ግን ሲገራ ቆማችሁ አይታችኋል? እርፉን የጨበጠ ሰው አለ። ጅራፍ የያዘ ልጅ ከጎን ይሄዳል። ወይፈኑን ከበሬው ጋር ጠምዶ፣ «ተማማሩ» ብሎ ቤቱ የገባ ገበሬ ቦረና ውስጥ አይገኝም። ካምፓስ ላይ የምናደርገው ግን በትክክል ይህንን ነው።

ለመሆኑ ሲኒየር ለማን ያሳያል? ለአገሩ ልጅ፣ ለዶርሙ ልጅ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ወይም ለመስጊዱ ልጅ። ከአርባ ምንጭ ወይም ከጅማ ተመድቦ ደሴን አቆራርጦ የመጣ፣ ብርዱንም ቋንቋውንም ገና ያልለመደ ልጅ የማን ነው? ዓይን አፋሯ ልጅ ማንን ትጠይቅ? «እኔ ላሳይሽ» የሚል ወንድ ሲኒየር ሁሉ ለማሳየት ብቻ እንደማይጠጋ የማያውቅ ካለ ካምፓስ አልኖረም። ደግሞም ሲኒየሩ ራሱን ማን አስተማረው? እሱን ያሳየው ያ ደብተር ነው። ስለዚህ የሚያወርሰው እውቀቱን ሳይሆን ሱቋን ነው፦ «እዛች ጋ ሂድ፤ ትሠራልሃለች።» ስሕተት እንደ ርስት ይወራረሳል የሚባለው እንዲህ ነው።

«መጀመሪያ ኔትወርኩና ኮምፒውተሩ ይሟላ።» ይሟላ፤ ማን ጠላ? መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተር ላብ የሚዘጋበት አገር ውስጥ እንደምንኖር ጠንቅቄ አውቃለሁ። ግን «መጀመሪያ» የምትለዋን ቃል አጥብቄ እቃወማለሁ። እቃው ሲያንስ ነው ችሎታ የሚፈለገው። ላቡ በቀን አራት ሰዓት ብቻ ክፍት ከሆነ፣ ኮምፒውተሩም ለሦስት ሰው አንድ ከሆነ፣ አንዲት ገጽ ለመጻፍ አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ልጅ የሦስቱንም ተራ ይበላል። አሥር ጣቱን የለመደ ልጅ በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ይነሣል። ማስተማር ኮምፒውተርን ያበዛል፤ ግዢ የማያስፈልገው ግዢ እሱ ነው። ደግሞም ፓስዎርድ መያዝን፣ የፈረንጅ ሰዓትን፣ የፋይል አሰያየምን፣ ያለ ኔትወርክ ጽፎ ኔትወርክ ሲመጣ መላክን ለማስተማር የግድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል? ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል።

እቃ ብቻውን ሲመጣ ምን እንደሚሆን አይተናል። በ1997 ፕላዝማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲሰቀል፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይወርድ ነበር። ስክሪኑ ሲናገር መምህሩ ከጥግ ቆሞ ተመልካች ሆነ፤ ተማሪው ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አያየውም። እቃው ዘመናዊ ነበር፤ በእቃውና በልጁ መካከል መቆም የነበረበትን ሰው ግን ዝም አስባልነው። አሁን ያንኑ ስሕተት በትንሽ ስክሪን ልንደግመው ነው?

ርቄ መሄድም የለብኝም፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የተጻፈው ስም ራሱ ይመሰክራል። መቅደላ ሲባል ሁላችንም ትዝ የምትለን ሴባስቶፖል ናት፤ ጋፋት ላይ ተሠርታ፣ መንገድ እየተጠረገላት፣ በሰው ጉልበት ወራት እየተጎተተች ወደ አምባው የወጣችው መድፍ። በሚያዝያ 1860 አሮጌ በተባለው ቦታ ውጊያ በተደረገበት ዕለት ግን ጦርነቱን አልለወጠችም፤ ዛሬም አምባው ላይ ተጋድማለች። የምንዘነጋው ሌላው ታሪክ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1858 ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩት የጠየቁት የተሠራ መድፍ አልነበረም፤ ባለ እጅ ሰው ነበር፣ መጥቶ የሚያሳይ። እቃ ያለ አሳዪ ሸክም መሆኑ በመቅደላው ንጉሥ ዘመን የታወቀ ነገር ነው። እኛ ከመቶ ስልሳ ዓመት በኋላ ኮምፒውተር ጎትተን ካወጣን በኋላ «አሳዪ አያስፈልግም» እንላለን።

«ጎልማሶች ናቸው፤ ማንቆለጳጰስ ያበላሻቸዋል።» ይህች ደግሞ የኩሩ ሰው ክርክር ናት፤ ብዙውን ጊዜ የሚናገራት ራሱ ማንም ሳያሳየው የተማረ ሰው ነው። «እኛ ማን አሳየን?» ይላል። ልክ ነህ፣ ማንም አላሳየህም። ግን በእኔና በአንተ ጊዜ ሬጅስትራሩ መስኮት ነበረው፤ ከመስኮቱ ጀርባ የሚቆጣም ቢሆን ሰው ነበረ። ስሕተት ስትሠራ ቅጹን ይወረውርልሃል፣ አስተካክለህ ትመለሳለህ። ሲስተም አይቆጣም፣ አይወረውርም፤ ቀኑ ሲያልፍ ዝም ብሎ ይዘጋል። ከሰው ጋር መከራከር ይቻላል። ከተዘጋ ገጽ ጋር ማን ይከራከራል?

ደግሞስ ማሳየትን ማንቆለጳጰስ ያደረገው ማን ነው? ወሎ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ «ቡናው እዚያ ነው፣ ራስህ ፈልገህ ጠጣ» አይባልም፤ እንግዳው ጎልማሳ ስለሆነ ግን ማንም አልናቀውም። ሰውን የሚያዋርደው ማሳየት ሳይሆን አለማሳየት ነው። ያ ሃያ ሦስተኛ ልጅ እኮ ስክሪኑን ያላየው ስላልቻለ ብቻ አይደለም። እንደማይመለከተው ስላመነ ነው። አራት ዓመት እንዲህ ከከረመ በኋላ ከ2015 ጀምሮ የተደነገገው የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ በኮምፒውተር፣ በሰዓት ተለክቶ፣ ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪ የለም። ያን ቀን ደብተር የያዘች እታለም አጠገቡ አትቀመጥም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከባድ ነገር አልጠየቅሁም። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሳምንት፤ በሃያ በሃያ ልጅ ተከፍሎ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ፤ ተመርጠውና ሠልጥነው አበል በሚቆረጥላቸው ሲኒየሮች፣ እርፉን በጨበጠ መምህር ሥር። ሴቶቹን የሚያሳዩ ሴቶች ይኑሩ። የሚማሩትም ከአንድ ወረቀት አይበልጥም፦ የራሱን ኢሜይል በራሱ እጅ መክፈት፣ ፓስዎርድ መቀየርና ለማንም አለመስጠት፣ ፖርታሉ ገብቶ መውጣት፣ የፈረንጅን ሰዓትና ቀን ወደ እኛ መመለስ፣ አንድ ገጽ ጽፎ ስም ሰጥቶ መላክ፣ ሲቸግረው የት ቢሮ እንደሚሄድ። መጨረሻ ላይ ፈተና አይኑር፤ ልጁ ፊት ለፊት ተቀምጦ በገዛ ጣቱ ገብቶ ስሙን ያሳይ። ያልቻለ ነገ ይመለስ። ይህ ሳይሆን ምዝገባው አልተጠናቀቀም ይባል። ልብስ ማስቀመጫ ሎከር ስንሰጠው ቁልፉን በእጁ አስፈርመን አይደል? የትምህርት መዝገቡ ከሎከር ያንሳል?

ያኔ «የዛሬ ልጅ ስልክ ይዞ ነው የተወለደው» የሚል ቢመጣ አልከራከረውም። ይሁን፣ ስልክ ይዞ ይወለድ። ስልክ ይዞ መወለድ ግን ከመካነ ሰላም ደጋ እስከ አዲስ አበባ ማንንም የራሱን በር ከፍቶ እንዲገባ አላደረገም፤ የሚያደርገው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያሳየው ሰው ነው። ማሳየት ውለታ አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ ልጁን ተቀብሎ በሩን ያላሳየ ተቋም ልጁን ገና አልተቀበለውም።

ለዚህም መለኪያ ከተፈለገ ሪፖርት አታቅርቡልኝ። በየካምፓሱ በር ያሉትን ፎቶ ኮፒ ቤቶች ዞራችሁ እዩ። ባለ ካሬው ደብተር በሚቀጥለው መስከረም ባዶ ሆኖ፣ ልጅቱ ሒሳብ መያዣ አድርጋው ካገኛችኋት፣ ያኔ ልጆቹ ከእኛ ይበልጣሉ።